የሌጦው ጥግ

ግንቦት ነው፤ ሸዋሮቢት፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል፤
በክፍላችን መስኮት ንፋስ ሳይሆን እሳት ይገባል፤
እኔ ሦስተኛው ረድፍ፣ ከግድግዳው ጥግ ላይ፣
እጅጌዬን እስባለሁ፣ ክርኔ እንዳይታይ።
ችፌ ነው ያለ አለ፤ ጭርት ነው ያለም አለ፤
የጎኔ ልጅ ደብተሩን ይዞ ፈቀቅ እያለ፣
«የፋቂ ልጅ አይደለች? ጥሬ ቆዳ ላይ አድራ
ሌላ ምን ልታመጣ ኖሯል?» ይላል፣ ለኋላው ልጅ ሲያወራ።

አባቴ ሽብሩ፣
እምቧይ ወቅጦ፣ ጠጉር ነቅሎ፣
የሰው አጎዛ የሚያለሰልስ፣ የሰው ስልቻ የሚያለፋ፣
የእኔ ክርን ላይ ሲደርስ ያ ሁሉ ዘዴው ጠፋ።
ያልሞከረው የለም፦
ድኝ በቅባት ለወሰ፤ የባትሪ ድንጋይ ፈጨ፤
ከጋራዥ ደጅ የተቃጠለ ዘይት ለምኖ አመጣ።
ስጮህ «ቻይ» ይለኛል፤ «መድኃኒት እኮ ያቃጥላል»፤
ሌሊት ግን፣ እኔ ስፎክት፣ እሱም ከመደቡ ይነቃል።

ሚስተር ኩሪያን ከኬረላ መጥቶ ሒሳብ ያስተምረናል፤
አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን «አንተ» ይለኛል።
«አንተ፣ ና» አለኝ አንድ ቀን። ክፍሉ ጸጥ አለ።
እጅጌዬን ወደ ላይ ጠቀለለ፤
ሰው ሁሉ እያየ፣ አንድም ጣቱን ሳይሰበስብ፣
ክርኔን በመዳፉ ይዞ፣ እንደ ደብዳቤ ሲያነብ…
«ምን ትበላ? መቼ ትተኛ? ቁጣ አለ? እንቅልፍስ?»
ክርን ይዞ ስለ ወጥ የሚጠይቅ፣ ምን ዓይነት ሐኪም ነው ይህስ?
«በርበሬ ተው» ሲለኝ ክፍሉ ሳቁን ለቀቀው፤
የሸዋ ልጅ በርበሬ ትታ! እቤት ገብቶ ማን ሊናገረው?

በገበያ ቀን አየሁት፣ ማሾ ከሚሸጡት ዘንድ፣
አረንጓዴዋን ፍሬ ዘግኖ ሲያሸት፣ እንዳገኘ ዘመድ።
ሁለት ጣሳ ገዛ።
አንዱን አስፈጭቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤
«ሳሙና ተው፤ በዚህ ታጠብ» አለኝ።
ከአጥሩ ሥር ካለው ኒም ቅጠል ሸመጠጠ፤
እርድ ጨምሮ፣ ኑግ ዘይት አክሎ፣ በድንጋይ ደፈጠጠ።
ቀመስኩት፤ ፊቴ ተኮማተረ።
«መብላት አላልኩም!» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ እስከ ቢሮው ተሰማ።

አባቴ ዱቄቱን አሸተተ፤ ልቁጡን በጣቱ አሸ፤
አንድም ቃል አልወጣውም። ወደ ጓሮ ሸሸ።
ሊለፋ ከተዘረጋ የፍየል ሌጦ፣
ተመለሰ አንድ ጥግ ቆርጦ፤
እኩሌታውን ቀባ፤ እኩሌታውን ተወ፤ ድንጋይ ጭኖ አሳደረ፤
ሲነጋ በጥርሱ ነክሶ፣ በጉንጩ አሽቶ መረመረ።
«አይበላም» አለ፤ «አይልጥም»።
ያኔ ነው፣ ያኔ ብቻ፣ «ክንድሽን አምጪ» ያለኝ።

ዳንሽ ወይ? ትሉኝ ይሆናል።
መስከረም ሲጠባ ክርኔ የእኔን መልክ መሰለ፤
በዓመቱ ተመለሰ፤ ደግሞ ሄደ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ፣
አጥር እንደሚጋፋ ጎረቤት ሃምሳ ዓመት አብረን ኖርን።
አሁን ከጤና ጣቢያው ቅባት ይሰጡኛል፤ እሱንም አልጠላም፤
በርበሬውን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያኔም አልተውኩም።
ኒሙ ተቆርጧል። ቦታው ላይ የሞባይል ካርድ ይሸጣል።
ማሾ ስገዛ ሻጯ «ለወጥ ነው?» ትለኛለች፤
«ለፊቴ» ስላት፣ አሮጊቷ ታማለች ብላ ታያለች።

ሚስተር ኩሪያን የሄደ ዕለት አባቴ መናኸሪያ ወረደ፤
እጅ መንሻ ይዞ ነበር፣ ሲሰጠው አንገቱን ሰበረ፦
ከዚያው ሌጦ የተሰፋ፣ የለሰለሰ፣ ባለ ማንገቻ ቦርሳ።
ዛሬ በኬረላ፣ በአንድ ቤት ሚስማር ላይ ተሰቅሎ እንደሆነ፣
አንድ የልጅ ልጅ አንስቶ
«ጥጉ ላይ ለምን ተጣፈ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል።